«አንቺ ነሽ የፈረምሽብን ይሉኛል»

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ካምፓሳችን ከለገጣፎ ወጣ ብሎ ነው፤ ዋናው ግቢ መሀል ከተማ ስለሆነ ትልልቁ ነገር የሚወሰነው እዚያ ነው። ዘንድሮ የክፍል ተወካዮች ተሰብስበው የኮሌጃችንን የትምህርት ጉዳዮች ለሚወስነው ጉባኤ፣ ለአካዳሚክ ኮሚሽኑ፣ የተማሪ ተወካይ አድርገው መረጡኝ። በደስታ ነበር የገባሁት። አሁን ግን ነገሩ እንዳሰብኩት አልሆነም። ስብሰባ መኖሩን የምሰማው በዕለቱ ጠዋት በስልክ ነው። አጀንዳውን የማየው ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ዲኑ መልካም ሰው ናቸው፤ መጨረሻ ላይ «ልጄ፣ አስተያየት አለሽ?» ይሉኛል። ያን ጊዜ ግን 11 ሰዓት ላይ የሚወጣው የመምህራን ሰርቪስ ስለደረሰ ሁሉም ቦርሳውን አንሥቷል። ባለፈው ወር አዲስ ተማሪ በዛ ተብሎ የእኛ ላብራቶሪ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ። እዚያው ነበርኩ። ምንም ሳልናገር ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረምኩ። ዶርም የሌለን ተመላላሾች ላብ ስንጨርስ ታክሲ ስለማይገኝ አስፋልት ዳር በጨለማ እንቆማለን። የክፍሌ ልጆች «አንቺ ነሽ የፈረምሽብን» ይሉኛል፤ «ካድሬ» ያለኝም አለ። እናቴ ደግሞ «አርፈሽ ተማሪ፣ የግቢ ጣጣ ምን አገባሽ» ትለኛለች። ልተወው ወይስ ልቀጥል? ብቀጥልስ ምን ላድርግ?
ተወካይዋ፣ ከለገጣፎ

እህቴ፣ በመጀመሪያ የጠየቅሽውን ልመልስ። አትተዪው። ቢያንስ የተመረጥሽበት ዓመት እስኪያልቅ ቆዪ። እስከ ዛሬ በተቀመጥሽበት አኳኋን ግን አትቀመጪ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ የሰርቪሱ ሰዓት ነው። ከከተማ ርቆ የተሠራ ግቢ በሰርቪስ ሰዓት እንደሚተዳደር የምታውቁት እናንተ ናችሁ። 11 ሰዓት ላይ መኪናው ያመለጠው መምህር ታክሲ ፈልጎ መገናኛ ደርሶ፣ ከዚያም ሌላ ሰልፍ ተሰልፎ ነው ልጆቹ ዘንድ የሚደርሰው። ቸኩሎ መነሣቱን አልፈርድበትም። ነገር ግን የተማሪ ጉዳይ ዘወትር «ልዩ ልዩ» በሚለው የመጨረሻ መስመር ላይ ከተቀመጠ፣ ማንም ክፋት ሳያስብ በየስብሰባው የሚቆረጠው የእናንተ ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ ዲኑን የምትጠይቂው የመጀመሪያ ነገር ትንሽ ይሁን፤ የተማሪ ጉዳይ ከአጀንዳው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ተራ ላይ ይያዝልን በያቸው። ይህን ለማድረግ ዋናው ግቢ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የሰብሳቢው በጎ ፈቃድ ይበቃል፤ መልካም ሰው ናቸው ብለሻልና እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። የላብራቶሪው ጉዳይ ያለቀው አንቺ በተገኘሽበት ከሰዓት በኋላ አይደለም። ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ተከተዪው። ሬጅስትራር የአዲስ ገቢዎችን ቁጥር ያሳውቃል። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ያሉትን ክፍሎችና ላብራቶሪዎች ለማብቃቃት ይቀመጣል፣ ከላብ አሲስታንቶቹ ጋር ይነጋገራል፣ ረቂቅ ፕሮግራም ያወጣል። ዲኑ ያዩታል። ኮሚሽኑ ፊት የሚቀርበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የቀረበው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፣ የሚጠበቀውም ማጽደቅ ነው። እጅሽን አውጥተሽ «ይሄ አይሆንም» ብትዪ እንኳ «ታዲያ ምን ይደረግ?» ነበር የምትባዪው። አጀንዳውን ከደቂቃዎች በፊት ያየ ሰው ለዚህ ጥያቄ ከየት መልስ ያመጣል? ዝም ማለትሽ ከድፍረት ማጣት ብቻ የመጣ እንዳይመስልሽ። ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የተጠራሽው።

የስዊድን የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መልስ አለው። ተማሪዎች ትምህርታቸውን ወይም የተማሪነት ኑሯቸውን የሚነካ ውሳኔ ሲሰጥም፣ ውሳኔው ገና ሲዘጋጅም በተወካዮቻቸው በኩል የመገኘት መብት አላቸው ይላል። እኔ ዝግጅቱን ማካተቱን እጅግ እወድለታለሁ። አንቺም ከዛሬ ጀምሮ ዋና ትግልሽን እዚያ ላይ አድርጊ። በኮሚሽኑ ቀን የምታሰሚው ንግግር የቱንም ያህል ቢያምር፣ ረቂቁ ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት በፊት ለትምህርት ክፍል ኃላፊው የምታቀርቢውን አንድ ገጽ አያህልም።

ሼሪ አርንስታይን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 የሕዝብን ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል አሳይታ ነበር። የጻፈችው ስለ ከተሞች ልማት ነው፤ የዩኒቨርሲቲን አስተዳደር የሚያጠኑ ሰዎችም ይጠቀሙበታል። የታችኞቹ ሁለቱ ደረጃዎች ተሳትፎ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። ቀጥለው ያሉት ሦስቱ ለሰው ማሳወቅ፣ ሰውን ማማከር፣ ከዚያም አንድ ሁለት ሰው ከመሀላቸው ወስዶ ወንበር መስጠት ናቸው። በእነዚህ ላይ ያለ ሰው ይሰማል፣ ይናገራልም፤ የተናገረው ነገር ቦታ እንደሚያገኝ ግን ምንም ዋስትና የለውም። እውነተኛ አጋርነት የሚጀምረው ስድስተኛው ላይ ነው፤ እዚያ የመወሰን ሥልጣን በስምምነት ይካፈላል። አንቺ ዛሬ አምስተኛው ላይ ነሽ። ይህ የሚያሳፍር ቦታ አይደለም፤ ከአንቺ በፊት የነበሩ ስንት ተማሪዎች በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ብቻ ነበር ውሳኔ የሚሰሙት። ወደ ስድስተኛው መውጣት ግን በአስተዳደሩ ቸርነት ብቻ አይመጣም። እነሱ የሌላቸውን ነገር ይዘሽ መቅረብ አለብሽ።

ያ ነገር ደግሞ አለሽ። ሬጅስትራር የተማሪውን የትምህርት ክፍልና ዓመት ያውቃል፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አስፋልት ዳር የሚቆመው ማን እንደሆነ አያውቅም። የትምህርት ክፍል ኃላፊውም አያውቅም፣ እሱ በ11 ሰዓቱ ሰርቪስ ሄዷል። ስለዚህ ከክፍል ተወካዮቹ ጋር ሆነሽ ይህንን አጣሪ። ላብራቶሪው ከሚመለከታችሁ ተማሪዎች ዶርም ያለው ስንት ነው? ተመላላሹስ? ተመላላሹ ወዴት ነው የሚሄደው፣ ወደ አያትና ሲኤምሲ፣ ወደ መገናኛ ወይስ በተቃራኒው ወደ ለገዳዲና ሰንዳፋ? በየአቅጣጫው የመጨረሻው ታክሲ በስንት ሰዓት አካባቢ ይገኛል? ከተመላላሾቹ ሴቶቹ ስንት ናቸው? ይህን ስትይዢ አሲስታንቶቹን ጠይቂ፤ ቅዳሜ ጠዋት ቢያሠሩና በሳምንቱ መካከል ግማሽ ቀን ቢለቀቁ ይስማማሉ ወይ? እዚህ ላይ አደራ የምልሽ፣ በቅዳሜ የማይሠሩ አድቬንቲስት ተማሪዎች ካሉ ከወዲሁ ጠይቂያቸው። አንዱን ችግር ፈታሁ ብለሽ ሌላውን ልጅ ከላብራቶሪ ውጭ እንዳታስቀሪ።

ከዚህ ሁሉ ምናልባት የሚወጣው መፍትሔ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ ዶርም ያላቸው በምሽቱ ክፍለ ጊዜ ይቀጥላሉ፣ ተመላላሾቹ ቅዳሜ ጠዋት ይመደባሉ። ምናልባትም ሌላ ነገር ይወጣል፤ እዚያው ያላችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ከእኔ የተሻለ ታያላችሁ። የሚመጣው ሐሳብ የትኛውም ቢሆን አንድ ገጽ ላይ አስፍሪው። ከላይ ቁጥሮቹ፣ ከታች ሁለት አማራጭ ይኑር። አንድ አማራጭ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ትእዛዝ የሚሰጥ ይመስላል፤ ሁለት ካመጣሽ ግን ኃላፊው እየመረጠ ወደ ሥራው ይገባል።

ወረቀቱን መጀመሪያ የምትሰጪው ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ነው፣ በቢሮው፣ ለብቻው። ፕሮግራሙን ያዘጋጀው እሱ ነው። በባልደረቦቹ ፊት «ሥራህ ሴት ልጆችን ጨለማ ላይ ጣለ» ተብሎ የሚነገረው ሰው ያፍርና ይከላከላል፣ ባገራችን ደግሞ በሰው ፊት ያፈረ ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ብዙ ጊዜ አይታይም። ቀድመሽ ካማከርሽው በስብሰባው ላይ ከጎንሽ ሊቆም ይችላል። አጀንዳውንም «ውሳኔው ይሻር» ብለሽ አታስይዢው። «የምሽት ላብራቶሪ አፈጻጸም» በሚል ይያዝልሽ፤ የተለወጠው ፕሮግራምም እስከ ሚድ ፈተና ድረስ እንዲሞከር ጠይቂ። ለሙከራ መስማማት ለማንም አይከብድም።

ስለ ፊርማሽ ትንሽ ልበል፤ ከሁሉም ይልቅ ያመመሽ እሱ ይመስለኛልና። ቃለ ጉባኤ ላይ መፈረም መገኘትሽን ያረጋግጣል፤ የተጻፈውን አንብበሽ ካልተቃወምሽ ግን እንደተስማማሽ ይቆጠራል። ከእንግዲህ ሳታነቢ አትፈርሚ። ሰዉ ቆሞ እየጠበቀ እስክሪብቶ ሲዘረጉልሽ «ነገ ጠዋት መጥቼ አንብቤ እፈርማለሁ» ማለት ነውር የለውም። ያልተስማማሽበት ነገር ካለ «የተማሪ ተወካይዋ የተለየ ሐሳብ አቅርበዋል» ተብሎ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውሳኔውን አትለውጥም፤ በሚቀጥለው ዓመት ጉዳዩ ሲነሣ ግን ማስረጃ ሆና ትገኛለች።

ሌላም ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። በደብዳቤሽ ድምፅ እንዳለሽና እንደሌለሽ አልጻፍሽልኝም፤ ምናልባት ለአንቺም አልተነገረሽ ይሆናል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የተማሪዎችን የመደራጀትና በተወካዮቻቸው በኩል የመሳተፍ መብት ይደነግጋል። ዝርዝሩን የሚወስነው ግን የየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሌጂስሌሽን፣ ማለትም የውስጥ መተዳደሪያ ደንቡ ነው። የተማሪዎች ዲን ቢሮ ወይም የተማሪዎች ኅብረት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የእናንተን ጠይቂና በኮሚሽኑ ላይ ስንት የተማሪ ተወካይ እንዳለ፣ ድምፅ ይሰጥ እንደሆነና የስብሰባ ጥሪ ከስንት ቀን በፊት መድረስ እንዳለበት ፈልጊ። ብዙ ተወካዮች ይህን ሰነድ ሳያዩት ነው ዘመናቸውን የሚጨርሱት። ሁለት ወንበር ተፈቅዶ አንዱ ባዶ ሆኖ ብታገኚው አይግረምሽ። ባዶ ከሆነ አስሞዪው፤ አሥራ ምናምን መምህራን መሀል ብቻውን የተቀመጠ አንድ ተማሪና ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች በድፍረት በፍጹም አይገናኙም።

ወደ «ካድሬ» ልመለስ። ቃሉ እንደሚያቆስል አውቃለሁ። ነገር ግን ጥርጣሬው ከአንቺ የጀመረ አይደለም። በዚህ አገር ተማሪና አስተዳደር ለረጅም ጊዜ የተገናኙት በሰልፍና በዱላ ነው። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱም አስከሬኑን ይዘው በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ተተኮሰ። የመሪነት ዋጋ ያ በነበረበት አገር፣ ከአስተዳደር ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ተማሪ ምን ተሰጥቶት ነው ተብሎ ቢጠየቅ አይደንቅም። በየዘመኑ ኅብረቱን የራሳቸው ጆሮ ለማድረግ የሞከሩም አልጠፉም። ስለዚህ ልጆቹን አትቆጪ፣ አትሚያቸውም።

ሌላው ዓለም ላይም ይህ ወንበር በነጻ አልተገኘም። አርጀንቲና ውስጥ የኮርዶባ ተማሪዎች በ1918 እ.ኤ.አ. አምፀው ነው በዩኒቨርሲቲያቸው አስተዳደር ውስጥ ድርሻ ያገኙት፤ ያ ንቅናቄ ወደ ሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮችም ተዛመተ። በደቡብ አፍሪካ ከአፓርታይድ በኋላ የወጣው የ1997ቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ተማሪዎችን በዩኒቨርሲቲው ካውንስልና በሴኔቱ ውስጥ አስገባቸው። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2015 የክፍያ ጭማሪን ተቃውመው መንገድ መውጣታቸው አልቀረም። ወንበሩ ስላለ ብቻ ተማሪው ተሰማ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ለጥርጣሬው መልሱ ሪፖርት ነው። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ውስጥ፣ በክፍሎቹ የቴሌግራም ግሩፖች ላይ አጭር መልእክት ላኪ፤ ምን ተነሣ፣ እኔ ምን አልኩ፣ ምን ተወሰነ፣ ምን ተንጠልጥሎ ቀረ። ምንም ካላልሽ «ምንም አላልኩም» ብለሽ ጻፊ። የመጀመሪያው መልእክትሽ ስለ ላብራቶሪው ይሁን፤ እዚያ እንደነበርሽ፣ እንደፈረምሽ፣ አጀንዳውን ያየሽው በዚያው ሰዓት እንደነበረና አሁን ምን እያደረግሽ እንደሆነ ንገሪያቸው። ከዚያ ሥራ ስጪያቸው። ቁጥሩን የሚሰበስበው፣ የታክሲውን ሰዓት የሚመዘግበው፣ ከአሲስታንቶቹ ጋር የሚነጋገረው እነሱ መሀል ካለው ይሁን። «ካድሬ» ያለሽንም ልጅ ጋብዢው፤ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ጥሩ አጣሪ ይወጣዋል።

ሁሉንም ነገር በእጅሽ ለማድረግ ግን አትመኚ። አንዲት ጓደኛሽ ኤፍ አገኘሁ ብላ ብታለቅስ ውጤቷን ኮሚሽን ላይ ይዘሽ አትግቢ፤ የቅሬታ መንገድ አለው፣ መንገዱን አሳያት። የመምህር ዕድገት ወይም የአንድ ተማሪ ዲሲፕሊን በስም ሲነሣ የሰማሽውን በቴሌግራም አትጻፊ። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አካላት ውስጥ ድምፅ ሊኖራቸው እንደሚችል ተቀብሎ፣ በምርምርና በመምህራን ቅጥር ላይ ግን ወሳኙ ድርሻ የፕሮፌሰሮቹ ይሁን ብሎ ነበር። ልኩ የት እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል፤ እኔ ግን ተወካይ የምትሰማው በምታውቀው ጉዳይ ላይ ስትናገር ነው ብዬ አምናለሁ። የላብራቶሪ ሰዓት፣ የቤተ መጻሕፍት መዝጊያ፣ የፈተና መደራረብ፣ የዶርም ውኃ፣ የኮርስ አሰጣጥ፣ በየሴሚስተሩ የምትሞሉት የመምህራን ግምገማ ውጤት የት እንደሚደርስ፤ ይህ ሁሉ የእናንተ ነው፣ በቂም ሥራ ነው።

ይህን ጽሑፍ ዲኑም ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ጌታዬ፣ ልጅቷ ስለ እርስዎ በክብር ነው የጻፈችው። መጨረሻ ላይ «አስተያየት አለሽ?» ማለትዎ ከመልካምነት የመጣ ነው፣ ሰዓቱ ግን አልፏል። አጀንዳውንና ረቂቁን ለመምህራኑ በሚልኩበት ቀን ለእሷም ይላኩላት። ቢቻል ከስብሰባው አንድ ቀን በፊት ጠርተው የማይገባትን እንድትጠይቅ ያድርጉ፤ የበጀት ርዕስና የሌጂስሌሽን አንቀጽ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንግዳ ነገር ነው። ከዋናው ግቢ የሚወርድ ውሳኔ ሲኖርም «ከላይ መጣ» ተብሎ ብቻ እንዳይቀር፣ የዚህን ካምፓስ ተማሪዎች አስተያየት ከራስዎ ደብዳቤ ጋር አያይዘው ይላኩልን። ተማሪዎች በመጀመሪያ ሳምንት የሚነግሩዎትን ችግር አሁን ካልሰሙ፣ በሴሚስተሩ መካከል በተዘጋ የካፌ በር ፊት ይሰሙታል። እርስዎም ይህን ያውቃሉ።

እናትሽን አትከራከሪያቸው። «ምን አገባሽ» ሲሉ ያለፈውን ዘመን አይተው የተናገሩት ነው፤ የግቢ ጉዳይ ውስጥ የገባ ልጅ ወደ ቤቱ ሳይመለስ የቀረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው በዙሪያቸው አይጠፋም። ውጤትሽም ያሳስባቸዋል፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፣ የመውጫ ፈተናው እየቀረበ ነው። ስለ ኮሚሽንና ስለ ቃለ ጉባኤ አታውሪያቸው። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ታክሲ ፍለጋ የምትቆሙት ስንት ሴቶች እንደሆናችሁ ንገሪያቸው፣ ሰዓቱን ለማስለወጥ እየሞከርሽ እንደሆነም። ሐሳባቸው ይለወጣል ብዬ አስባለሁ። ለራስሽም ወሰን አብጂ፤ በሳምንት ለዚህ ሥራ የምትሰጪው የተወሰነ ከሰዓት በኋላ ይሁን፣ በፈተና ሳምንት ስብሰባ ከተጠራ ተለዋጭሽ ትሂድ።

ተለዋጭ ከሌለሽ አሁኑኑ ፈልጊ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ብትሆን ይመረጣል። ስብሰባ መግባት ባይፈቀድላት እንኳ የአንድ ገጹን ወረቀት አብራችሁ አዘጋጁ፣ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ጋ ስትሄጂም ይዘሻት ሂጂ። አዲስ ተወካይ በተመረጠ ቁጥር ሁሉም ነገር ከዜሮ የሚጀምረው የቀድሞው ምንም ትቶ ስለማይሄድ ነው። ቃለ ጉባኤዎቹን፣ ሌጂስሌሽኑን፣ የላካችኋቸውን ሪፖርቶችና ገና መልስ ያላገኙትን ጥያቄዎች በአንድ ፋይል አድርጊና ሰኔ ላይ በእጇ አስረክቢያት።